ዳኛው ጎል አያገባም

ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ቴሌግራም ላይ ሰበር ዜና ገባ፦ የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ ሕግ አወጁ። መጀመሪያ ሰሜን ኮሪያ መስሎኝ ነበር። ደግሜ አነበብኩት። ደቡብ ነው። ሳምሰንግ የሚሠራባት፣ እህቶቻችን ድራማዋን እያዩ የሚያመሹላት፣ የቃኘው ሻለቃ የዘመተላት ደቡብ ኮሪያ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ እንደኔ በስልካችሁ አይታችሁታል። ወታደርና ፖሊስ ፓርላማውን ሲከብ የምክር ቤት አባላት አጥር እየዘለሉ ገቡ። የተቃዋሚው መሪ ሊ ጄ ምዩንግ አጥር ሲዘሉ ራሳቸውን በላይቭ ያስተላልፉ ነበር። እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲል አዳራሹ ውስጥ የተገኙት 190 አባላት ድምፅ ሰጡ። 190ውም አዋጁ ይነሣ አሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፕሬዚዳንቱ አዋጁን ለማንሣት ተገደዱ። ጠቅላላው ድራማ ስድስት ሰዓት ያህል ነው የፈጀው።

ከአራት ወር በኋላ፣ መጋቢት 26 አርብ፣ እኛ ጋ ሌሊቱ 11፡22 ላይ የኮሪያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ዩንን ከሥልጣን አነሣ። ጠዋት ስነሣ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። እሷ ጋ ገና የሐሙስ ማታ ነው፤ ከሥራ ገብታ ዜናውን በቀጥታ አይታዋለች። «ስማ» ትላለች፣ «እኛም ጋ እንዲህ ዓይነት ስምንት ዳኛ ቢኖረን ምን አለበት? ኮንግረሱ እንደሆነ አይሰማ፣ አይለማ። ፍርድ ቤቱ ለምን አያነሣልንም?»

የአክስቴ ልጅ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘች ቆየች፤ ትመርጣለች፤ ግብር ትከፍላለች። ጥያቄዋ የቀልድ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር ኮሜንት ላይ የማነበው ይሄንኑ ነው፦ «ፍርድ ቤቱ ምን ይጠብቃል?» ያኔ በአጭሩ መለስኩላት፤ አልጠገበችም። ይህ ጽሑፍ ረጅሙ መልስ ነው። (የውጭዎቹን ዓመቶች ከዚህ በኋላ በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ አትደናገሩ።)

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፕሬዚዳንት ይነሣ አይነሣ የሚለውን የመጀመሪያ ውሳኔ ፍርድ ቤት ላይ መጣል ፍርድ ቤቱንም፣ ፓርላማውንም፣ እኛንም ያበላሻል። ፍርድ ቤት ሥራ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው ጥያቄው።

መከሰስ መባረር አይደለም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? «ኢምፒች ተደረገ» ሲባል ብዙ ሰው «ተባረረ» ብሎ ይሰማል። አይደለም። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ኢምፒችመንት ክስ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በተራ አብላጫ ድምፅ ይከሳል። ክሱን የሚያየው ሴኔት ነው፤ ጥፋተኛ ለማለትም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ምክንያቶቹም የአገር ክህደት፣ ጉቦ፣ ወይም ሌላ ከባድ ወንጀልና ጥፋት ናቸው። ቅጣቱ ደግሞ ከሥልጣን መነሣትና፣ ሴኔቱ ከፈለገ፣ ዳግመኛ ሹመት እንዳያገኙ መከልከል ነው። እስር የለም፣ የገንዘብ ቅጣት የለም። ያ በወንጀል ሕግ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው።

በዚህ መንገድ የተከሰሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሦስት ናቸው፦ አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ በ2019 እና በ2021። ከሦስቱ አንድም የተነሣ የለም። ጆንሰን በአንዲት ድምፅ ነው የተረፉት፤ 35 ለ 19። ሁለት ሦስተኛ ለመሙላት 36 ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ ፍርድ ቤቱስ? ፕሬዚዳንት ሲከሰስ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሴኔት ውስጥ ገብቶ ስብሰባውን ይመራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥፋተኝነቱን የሚወስኑት ሴናተሮቹ ናቸው። ክሊንተን ሲከሰሱ መድረኩን የመሩት ዳኛ ዊሊያም ረንኲስት ነበሩ፤ ጥቁር ካባቸው እጅጌ ላይ አራት አራት የወርቅ መስመር አሰፍተውበት ነበር። አለባበሱ ዓይን ይስባል፤ ሥልጣኑ ግን መዶሻውን ከመያዝ ብዙ አያልፍም።

ሁለቱ ኒክሰኖች

ይሄ ድንበር የት እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ኒክሰኖችን ማወቅ ይበቃል። ዝምድና የላቸውም።

የመጀመሪያው የምናውቃቸው ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው፤ የዋተርጌቱ። በ1974 መርማሪው ዐቃቤ ሕግ በቢሯቸው የተቀዱትን ካሴቶች አምጡ አላቸው። እምቢ አሉ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 24 ቀን ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ወሰነ፦ ካሴቱን ስጥ። ከዳኞቹ ሦስቱን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ነበሩ። ካሴቱ ወጣ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ከዳቸው፣ ከሁለት ሳምንት ትንሽ ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ «ኒክሰን ይነሣ» አላለም። «ማስረጃውን አውጣ» ነው ያለው። ማስረጃው ሲወጣ ፖለቲካው የራሱን ሥራ ሠራ።

ሁለተኛው ዋልተር ኒክሰን ናቸው፤ የሚሲሲፒ የፌደራል ዳኛ። ለመርማሪ ጁሪ ሐሰት በመናገር ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ። ግን ሥራቸውን አልለቅም አሉ። የፌደራል ዳኛ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ስለሆነ እስር ቤት ቁጭ ብለው ደመወዛቸውን ይበሉ ነበር! በ1989 ምክር ቤቱ ከሰሳቸው፣ ሴኔቱም አነሣቸው። ሴኔቱ ግን ምስክር የሰማው በአንድ ኮሚቴ በኩል ነበር። ሰውዬው ይህን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፦ «ሕገ መንግሥቱ ሴኔቱ ይዳኝ ነው የሚለው። መቶውም ቁጭ ብለው ምስክሬን መስማት ነበረባቸው።»

በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰ። ዘጠኙም ዳኞች ሰውዬው ተሸንፈዋል አሉ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት እነዚያው ረንኲስት ናቸው፤ የክሊንተንን ችሎት የመሩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ምክንያቶቻቸው ለኛ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ናቸው። አንደኛ፣ ሕገ መንግሥቱ የመዳኘቱን ሥልጣን ለሴኔት ብቻ ነው የሰጠው። ሁለተኛ፣ ኢምፒችመንት ዳኞችን ራሳቸውን መቆጣጠሪያ ነው፤ የኢምፒችመንትን ውጤት ዳኞች ከገመገሙት ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠረው ተቆጣጣሪ ሊሆን ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፦ የተነሣ ፕሬዚዳንት ፍርድ ቤት መሄድ ከቻለ አገሪቱ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት፣ ማን እንደሚመራት ሳታውቅ ትከርማለች። አዲሱ ፕሬዚዳንት የሚፈርመው ሕግ ይጸናል? የሚያዝዘው ጦር ይታዘዘዋል?

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ጥርጣሬ ስንት እንደሚያስከፍል ያስባል። ዩን ወታደራዊ ሕግ ባወጁበት ምሽት የኮሪያ ገንዘብ ዎን ዶላር ፊት በሰዓታት ውስጥ ወርዶ ነበር። ያ የስድስት ሰዓት ጥርጣሬ ነው። የሁለት ዓመቱን አስቡት።

ከዳኞቹ አንዱ ዴቪድ ሱተር ግን በውጤቱ ተስማምተው አንዲት ቀዳዳ ትተዋል። ሴኔቱ ሳንቲም ጥሎ ቢፈርድስ? ማለትም ሂደቱ ለይስሙላ ቢሆን? ያኔ ፍርድ ቤት ጣልቃ መግባቱ ትክክል ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። ይቺን ሳንቲም ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኮሪያስ ታዲያ?

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ «ይኸው ኮሪያ አደረገችው አይደል?» ማለቷ አይቀርም። አድርጋለች። ግን እንዴት?

በኮሪያ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንትን ለመክሰስ ከ300 የምክር ቤት አባላት የ200ው ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ ጉዳዩ ዘጠኝ ዳኞች ወዳሉት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለማንሣት ስድስት ዳኞች መስማማት አለባቸው። ያለ ፓርላማው ፍርድ ቤቱ እጁን አያነሣም። ሁለተኛ እንጂ አንደኛ አይደለም።

በ2004 ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮ ሙ ህዩንን 193 ለ 2 ከሰሰ። ክሱ ፍርድ ቤት እያለ የፓርላማ ምርጫ ደረሰ፤ ሕዝቡ ለፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አብላጫ መቀመጫ ሰጠ። ከአንድ ወር በኋላ ፍርድ ቤቱ፣ አዎ ሕግ ጥሰዋል፣ ግን ከሥልጣን የሚያስነሣ ክብደት የለውም ብሎ ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። በ2017 ፓርክ ጉን ሄን 8 ለ 0 አነሣ። ከዚያ በፊት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሻማ ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባይ ወጥቷል፤ 234 የምክር ቤት አባላትም ይከሰሱ ብለዋል፤ ከእነሱ ውስጥ በርካታ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ነበሩበት።

የዩንም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ፣ አዋጁ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ወድቋል፤ የገዢው ፓርቲ አባላት አዳራሹን ለቀው ስለወጡ 200 ሰው አልሞላም። በሳምንቱ ታኅሣሥ 5 ግን 204 አባላት ደገፉት። ከገዢው ፓርቲ 12 ሰው ቆርጦ መጥቷል ማለት ነው፤ ተቃዋሚዎቹ 192 ነበሩና። ፍርድ ቤቱ ራሱ በፍርዱ ላይ አዋጁ በፍጥነት የተነሣው በዜጎች እምቢታና ወታደሩም ፖሊሱም ትእዛዙን በዳተኝነት በመፈጸሙ መሆኑን አስፍሯል። ስምንቱ ዳኞች አገር አዳንን አላሉም። የዳነችውን አገር ፋይል ነው የዘጉት።

ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከፖለቲካ በላይ እንዳይመስላችሁ። ክሱ ሲደርስ ከዘጠኙ ወንበሮች ሦስቱ ባዶ ነበሩ። ስድስት ዳኛ ብቻ፤ ለማንሣት ደግሞ ስድስት ያስፈልጋል። አንድ ዳኛ ቢያፈገፍግ አለቀ። ቀጥሎ የነበረው ግብግብ በሙሉ ማን ዳኛ ይሹም የሚል ነበር፤ ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት ሃን ዱክ ሱ ዳኞቹን አልሾምም ብለው እሳቸውም ተከሰሱ። የሳቸውን ክስ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አድርጎ ወደ ሥራቸው መልሷቸዋል። ፕሬዚዳንት የማንሣት ቁልፍ ፍርድ ቤት ኪስ ውስጥ ሲገባ ፖለቲከኛው ፍርድ ቤቱን ነው የሚከበው። ይሄ ዋጋ አለው። ኮሪያ ከፍላዋለች፤ በጠባብ ነው ያለፈችው።

ኬንያ፣ በመሃል

ወደ ጎረቤት እንምጣ። ጥቅምት 2024 ላይ የኬንያ ፓርላማ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪጋቲ ጋቻጉዋን በ281 ድምፅ ከሰሰ፤ 44 ብቻ ተቃወሙ። ጉዳዩ ሴኔት ሲታይ ሰውዬው የሚሰሙበት ቀን ደርሶ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሴኔቱ አልጠበቃቸውም። በዚያው ዕለት ማታ ከ11 ክሶች በአምስቱ ጥፋተኛ ብሎ አነሣቸው።

ፍርድ ቤት ምን አደረገ? ገና ክሱ ሳይታይ «አስቁሙልን» ላሉት እጁን አልሰጠም። ፓርላማው ሥራውን ይጨርስ አለ። ሴኔቱ ከወሰነ በኋላ ግን ተተኪው ኪቱሬ ኪንዲኪ ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ ለጊዜው አገደ። ጥቅምት 31 እገዳው ተነሣ፤ በማግስቱ ኪንዲኪ ማሉ። የሂደቱ ሕጋዊነት ክርክር ግን በፍርድ ቤት ቀጠለ።

ለኔ የኬንያው አካሄድ ሁለቱንም ጠርዝ ያሳያል። በአንድ በኩል፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሳይሰማ መፍረድ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የዳኛ ሥራ ነው፤ ፓርላማው እንደ ሱተር ሳንቲም የሚወረውር ከሆነ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሊል ይገባል። በሌላ በኩል፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አገሪቱ ሥራ ላይ ያለ ምክትል አልነበራትም። የረንኲስት ፍርሃት ይኸው ነው። ፕሬዚዳንቱ ቢሆንስ ኖሮ?

ኳሷን መቀባበል

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ አገር ልመለስ፤ ምክንያቱም ዋናው ነገሬ ያለው እዚያ ነው።

ጥር 6 ቀን 2021 ካፒቶሉ ከተወረረ በኋላ ምክር ቤቱ ትራምፕን 232 ለ 197 ከሰሰ። ሴኔቱ ድምፅ የሰጠው የካቲት 13 ነው፤ ትራምፕ ሥልጣን ለቀው ነበር። 57 ጥፋተኛ አሉ፣ 43 አላሉም፤ አሥር ድምፅ ጎደለ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሚች ማኮኔል ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ድምፅ ሰጡና ወዲያው ተነሥተው ንግግር አደረጉ፦ በሥነ ምግባርም በተግባርም ተጠያቂው ትራምፕ ናቸው፣ ግን ሥልጣን የለቀቀን ሰው መዳኘት የኛ አይደለም፣ የወንጀል ፍርድ ቤቶች አሉ የሚል ይዘት ያለው። የትራምፕ ጠበቆችም በዚያው ችሎት ተመሳሳይ ነገር ብለው ነበር።

እሺ፣ ፍርድ ቤት ተሄደ። በ2023 የወንጀል ክስ ተመሠረተ። ያኔ የትራምፕ ጠበቆች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ በሠሩት ለመክሰስ መጀመሪያ ሴኔት ጥፋተኛ ማለት አለበት! ሴኔት ላይ «ፍርድ ቤት ሂዱ»፣ ፍርድ ቤት ላይ «ሴኔት ሂዱ»። መታወቂያ ለማደስ ከመስኮት ቁጥር 3 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 3 የተመላለሰ ሰው ይሄን ጨዋታ ያውቀዋል።

ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሴኔቱን ቅድመ ሁኔታ አልተቀበለውም። ነገር ግን 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፕሬዚዳንት በመሠረታዊ ሥልጣኑ ለሠራው ሙሉ፣ ለሌላው የሥራ ተግባሩም ሊነቀፍ የሚችል ያለመከሰስ ከለላ አለው አለ። ለግል ተግባሩ ግን ከለላ የለውም። ከዚያ ምርጫ መጣ፣ ትራምፕ አሸነፉ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም በሚለው የፍትሕ ሚኒስቴሩ አቋም መሠረት ክሱ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይም ኮሎራዶ ትራምፕን ከምርጫ ወረቀት ለመሰረዝ ስትሞክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ክልሎች በራሳቸው ማድረግ አይችሉም፣ የኮንግረስ ጉዳይ ነው ብሎ ከልክሏል፤ ክልሎች አይችሉም በሚለው ላይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተዋል።

ትራምፕን የምትወዱም የምትጠሉም ትኖራላችሁ፤ ለዛሬው ነገሬ ለውጥ አያመጣም። ጥፋተኛ ናቸው ብላችሁ ብታስቡ፣ መፍረድ የነበረበት አካል አልፈረደም። ንጹሕ ናቸው ብላችሁ ብታስቡም፣ «ንጹሕ ነህ» ብሎ በፊርማው የቆመላቸው የለም። እያንዳንዱ ተቋም ኳሷን ለሚቀጥለው አቀበለ። ያኔ ነው ፍርድ ቤትን የሚጠራው ሰው ስህተቱ የሚታየኝ። «ፍርድ ቤቱ ይጨርሰው» የሚለው ቃል ሕግ አክባሪነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ድምፁ በስሙ እንዳይመዘገብ የፈለገ ፖለቲከኛ መሸሸጊያ ነው።

«ፓርላማው ግን የማይረባ ነው»

ጠንካራው ተቃውሞ ይሄ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። የምክር ቤት አባል የሚያስበው ስለ ፓርቲው፣ ስለሚቀጥለው ምርጫው፣ ስለ ወንበሩ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል የሰማ ሰው አለቃውን አሳልፎ ይሰጣል? ዳኛ ቢያንስ ሕግ ያነባል፣ ምክንያቱን ይጽፋል፣ የሚፈራው መራጭ የለውም።

እውነት ነው። የተማርኩት ትምህርትም ሰው ለሚያገኘው ጥቅምና ለሚደርስበት ኪሳራ መልስ ይሰጣል ይላል። ግን ያው ትምህርት ሌላም ይላል። ለፓርላማው «አትጨነቅ፣ ፍርድ ቤት አለ» ካልነው ኪሳራውን አነሣንለት ማለት ነው። ጥፋት አይቶ ዝም ያለ አባል የሚጠየቅበት ነገር አይኖርም። መራጩም ያው ነው፤ ዳኛ ያድነኛል ብሎ ካመነ ምክር ቤት የሚልከውን ሰው አይመርጥም፣ አይከታተልም። ዳኛው ደግሞ ብቸኛው በር ሲሆን ሹመቱ የጦር ሜዳ ይሆናል። የመራጭ ፍርሃት የሌለበት ዳኛ ለስህተቱም መራጭ ጋ አይቀርብም፤ አገር የሚመራውን ሰው የመምረጥን ያህል ትልቅ ነገር በሚነካ ውሳኔ ላይ ይሄ ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

አማርኛችን አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ ችሎት ላይ የሚቀመጠውንም ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውንም «ዳኛ» ነው የምንለው። ቫር መጥቶ ኦፍሳይዱን በመስመር ለክቶ ያሳየናል። ጎሉን ግን አጥቂው ነው የሚያገባው። ቡድናችሁ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድ ሙከራ ሳያደርግ «ዳኛው ምን ይሠራል?» ብትሉ የጎን ጓደኛችሁ ይስቅባችኋል።

ስለዚህ ድንበሩን እንዲህ አሰምረዋለሁ። ክሱ ለተከሳሹ ተነግሮታል ወይ? ራሱን የመከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ? ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል ወይ? የተደበቀ ማስረጃ አለ ወይ? እነዚህ የዳኛ ናቸው፤ ዳኛው እዚህ ላይ ከፈራ ሳንቲሟ ትወረወራለች። «ይህን ሰው ከዚህ በኋላ እናምነዋለን ወይ?» የሚለው ግን በስም፣ በአደባባይ፣ ነገ ሕዝብ ፊት በሚቀርብ ሰው ድምፅ ነው መመለስ ያለበት። እንደ ኮሪያ ፍርድ ቤት ማኅተም የሚያደርግበት አገር ካለም መጀመሪያ የፓርላማው እጅ ይውጣ።

እኛ ጋ ሲደርስ

«አንተ ስለ አሜሪካ ፍርድ ቤት ገደብ ታወራለህ፣ እኛ ጋ ምን ገደብ የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት አለ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ የኛ ችግር በተቃራኒው በኩል ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕገ መንግሥት ክርክርን ለፍርድ ቤት አልሰጠም። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመሩት አጣሪ ጉባኤ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፖለቲከኞች ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ የምክር ቤቶቹና የመንግሥት ዕድሜ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለውን ሰኔ 3 ቀን የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር። የረንኲስት ጥያቄ ተገልብጦ እኛ ጋ ይመጣል፦ ተጫዋቹ ራሱ ፊሽካውን ሲይዝስ?

የፍርድ ቤት ገደብ ጥሩ የሚሆነው ማዶ እምቢ ማለት የሚችል ምክር ቤት ሲኖር ነው። የኛ ርዕሰ ብሔር ሥልጣን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥልጣኑ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን በአንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅና የመመርመር ሥልጣን በወረቀት ላይ አለው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ጉዳይ ላይ መወያየትና አስፈላጊ ያለውን እርምጃ መውሰድ ይችላል። ስንቶቻችን ይህን ቁጥር እናውቃለን? ስንቶቻችን የመረጥነውን ሰው ስም እናውቃለን? እኔም ይህን ለመጻፍ ስነሣ ነው የወረዳዬን ተወካይ ስም ፈልጌ ያገኘሁት። የቼልሲን አሰላለፍ ግን ሳልፈልግ እነግራችኋለሁ። አፍሬያለሁ።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የላክሁላት መልእክት አጭር ነበር። «ስምንቱን ዳኞች አትመኚ። ያ ማክሰኞ ማታ አጥር ዘለው የገቡትን ተመኚ። እነሱን ደግሞ የሚልካቸው መራጭ ነው፤ አንቺ።»

ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ታዩ። ቆየት ብላ መለሰችልኝ፦ «እሺ፣ የኔ ሴናተሮች ግን ያኔም ጥፋተኛ ነው ብለዋል። የሌላው ስቴት ሰው ቢተኛ እኔ ምን ላድርግ?»

ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ያላት አንድ ድምፅ፣ አንድ ስልክና ሌላ ስቴት ውስጥ ያሉ ጓደኞቿ ናቸው። ዘጠኝ ዳኞች ግን ከዚያ የተሻለ መልስ እንደሌላቸው አሁን እርግጠኛ ነኝ።